ባዶውን የተመለሰው ሳህን፦ የጁማናን ነፍስ ለሚተነትኑልን ዶክተር

ታንታ፣ ረመዳን ሃያ ስድስት፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ። ከበረሃ የሚመጣው የአቧራ ነፋስ ከጠዋት ጀምሮ መስኮቱን ሲደበድብ ውሏል፤ ፀሐይዋ የምስር ሾርባ መስላለች። የተገኙት፦ እኔ፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የማታናግረኝ የእህቴ ልጅ ሹሩቅ፣ እንዲሁም ጠረጴዛው መሃል የተቀመጠ አንድ ባዶ ሳህን።

ለተከበሩ የነፍስ ሐኪም ለዶክተር ረኡፍ ዘህራን፣
በየምሽቱ የጁማና ድራማ ሲያልቅ ሰማያዊው ወንበር ላይ ለሚቀመጡት፤

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለድምፅዎ፣ በተለይም ካሜራው ወደ እርስዎ በዞረ ቁጥር በጣትዎ ለሚያስተካክሏት ለዚያች የግንባር ፀጉርዎ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። ጾሙ እንዳልከበደዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛማ ካፈጠርን በኋላ እርስዎን ስለምናይ፣ ከጾሙና ከእርስዎ የቱ እንደከበደን ለመለየት ተቸግረናል።

እኔ እንሻራህ እባላለሁ። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ካለው ሕንፃ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ እህቴ ስትሞት የተወችልኝን ሹሩቅን ሳሳድግ የኖርኩ ሴት ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የተማርኩት የተጠበሰ ባቄላ ከሚጠቀለልበት የጋዜጣ ቁራጭ ነው፤ ስለዚህ የማውቀው ነገር ሁሉ ዘይቱ የጀመረበት ቦታ ላይ ያበቃል። እርስዎ ግን የአንዲትን ሴት ነፍስ ያለ አንዲት የዘይት ጠብታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለሚያስነብቡን፣ ሕንፃችን በሙሉ ሊቅ ሆኗል። ለዚህ ውለታዎ ያለኝን ምስጋና በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፤ ስለ መስታወቱ። ይህን ደብዳቤ ከሚያነቡት መካከል ጁማናን ያላየ ካለ፣ እሷ ካይሮ ውስጥ አሥራ ሁለት ክፍል ባለው ቤት የምትኖር፣ ሁለት ባሎቿን፣ እህቷንና አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ያሳበደች፣ በየምሽቱ ድራማው ሊያልቅ ሲል መስታወት ፊት ቆማ ለራሷ ፈገግ የምትል ሴት ናት። እርስዎም በራስ ፍቅር በሽታ የተያዘ ሰው በሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ ውስጥ ራሱን እንደሚፈልግ ነገሩን። በማግስቱ ጠባቂያችን ሸሓታ ለሕንፃው ጤና ሲል የአሳንሰሩን መስታወት አረንጓዴ ቀለም ቀባው። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት የሒሳብ አስተማሪ ክራቫታቸውን የሚያስሩት አሳንሰር ውስጥ ነበር። ዛሬ ጫፉን ጆሯቸው ሥር አንጠልጥለው ሲወጡ አየኋቸው፤ ተማሪዎቻቸው ግን ደስተኞች ናቸው ይባላል፤ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፤ ስለ ዝምታው። በሽተኛው ስለ ራሱ አብዝቶ ያወራል ስላሉ፣ ከዚያ ምሽት ወዲህ ደረጃው ላይ “እኔ” የሚል ሰው ጠፍቷል። የሁለተኛ ፎቋ ኡም ሳብሪን ስለ ጉልበቷ ሕመም ለዓመታት ስትነግረን ኖራለች፤ አሁን “አንዲት የማውቃት ሴት ጉልበቷን ታማለች” ትላለች። ያቺ ሴት እንዴት አደረች ብለን እንጠይቃታለን። “አልተሻላትም አሉ፤ ታለቅሳለች አሉ” ትለናለች፤ ከዚያም የሴትየዋን ጉልበት በሁለት እጇ እያሸች ወደ ቤቷ ትገባለች።

ሦስተኛው ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ። ያለ እሱ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩም ነበር።

ሹሩቅ አምስተኛ ፎቅ ለሚኖረው ለሐምዲ ታጭታለች። ሠርጉ ከዒድ በኋላ ነው፤ ቢያንስ እርስዎ ሰማያዊው ወንበር ላይ እስኪቀመጡ ድረስ ከዒድ በኋላ ነበር። ረመዳን እንደ ገባ የሐምዲ እናት ሐጋ ፈውዚያ፣ ከሙሽራው ቤት ለእጮኛ የሚመጣውን የበዓል ስጦታ ይዘው ወረዱ። አንዲት የሰባች ዳክዬ፣ በትልቅ የብረት ሳህን። ሹሩቅ ዳክዬዋን ድስት ውስጥ ገልብጣ ሳህኑን ስታለቀልቅ ፊቷ ታያትና ሻሿን አስተካከለች። ሐጋ ፈውዚያ አዩአት። ያን ጊዜ ምንም አልመሰላቸውም፤ ሻሽ ጠመመ፣ ሻሽ ተቃና። ማታ ግን እርስዎ ስለሚያብረቀርቀው ነገር ሁሉ ሲናገሩ፣ ላይ አምስተኛ ፎቅ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ለልጃቸው “ይህችማ ጁማና ናት” አሉት።

የእርስዎ ዕውቀት ለሁሉም እኩል የሚደርስ በመሆኑ፣ በዚያው ምሽት እዚህ ታችም ደርሶን ነበር። ሌላው ምልክት ሊመሰገኑ ሲሉ መስጠት ነው አሉ። ሹሩቅም ብርጭቋዋን አስቀመጠች።

“አክስቴ፣ ዳክዬዋን ገና ሳልቀምሳት ስንቴ አመሰግናለሁ አሰኙኝ?”

እንደዚህ ነው እንግዲህ፤ ከአንድ ቴሌቪዥን ሁለት ጁማናዎች ተወለዱልን። በማግስቱ ደግሞ መድኃኒቱን ነገሩን። እንዲህ ላለ ሰው ምንም አትመልሱ፤ ባዶ እጅ ጋሻችሁ ነው አሉ። ክቡርነትዎ፣ እርስዎ የሚኖሩበትን ሰፈር አላውቅም። በእኛ ደረጃ ግን የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም። የሚሰጥ ነገር ከጠፋ ሁለት ሎሚ ይጣልበታል፤ ሎሚ ከጠፋ ጨው ይቋጠርበታል። ሰው ቢሞትበትም፣ ቢጣላም፣ ሳህኑ አንድ ነገር ይዞ ይሄዳል። ሹሩቅ ግን ተምራለች፤ ሳህኑን አጥባ ባዶውን በሸሓታ እጅ ሰደደችው። ሸሓታ ገልብጦ ከሥሩ አየ፤ የተለጠፈ ነገር ያለ መስሎት ነው።

ሐጋ ፈውዚያም የእርስዎ ተማሪ ናቸው። ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ሳህኑን እንደገና አጥበው፣ በጨርቅ ወልውለው፣ ባዶውን መልሰው ላኩት። ሹሩቅ በአመድ ፈትጋ ላከችው። እሳቸው በሎሚ ልጣጭ አሽተው መለሱት። ሁለት ሴቶች በዚህ ጾም አንድ ባዶ ሳህን እያጠቡ ይለዋወጣሉ፤ ሸሓታም አሳንሰሩ ሲበላሽ በእግሩ እየወጣና እየወረደ ያደርሳል። አንድ ቀን በራችን ላይ ተቀምጦ ጉልበቴ አለቀ ብሎ ጀመረና ወዲያው ራሱን አረመ፦ “አንድ የማውቀው ጠባቂ ጉልበቱ አልቋል።”

በዚህ መካከል ማን በሽተኛ ማን ተጎጂ እንደሆነ መለያውን ጥያቄ በቴሌቪዥን አቀረቡልን። ሐምዲ ወረቀት ይዞ መለሰው፤ ተጎጂ ሆኖ ወጣ። ልጁ ከወታደር ቤት ሲወጣም እንዲህ ደስ ብሎት አላየሁትም። ከትናንት ወዲያ በራችን ላይ ቆሞ የእናቱን መልእክት አደረሰ፤ ነገሩ በዚህ ከቀጠለ የዒድ ዋዜማ ቀለበቱን ለመውሰድ ይወርዳሉ።

“አንተስ?” አልኩት።

“እትዬ እንሻራህ፣ እኔማ እወዳታለሁ። ግን ዶክተሩ ተጎጂ ነህ ብሎኛል።”

ከዚያ ስለ ተጎጂነቱ ያወራልኝ ጀመር፤ ሕፃን ሳለ፣ ትምህርት ቤት ሳለ፣ መሥሪያ ቤት ሳለ። ማፍጠሪያ መድረሱን የሚያሳውቀው መድፍ እስኪተኮስ አላቋረጠም። ስለ ራሱ አብዝቶ ማውራት የምን ምልክት ነበር ያሉን? ረስቼዋለሁ፤ ዘይት ነክቶታል መሰለኝ። ከውስጥ ሹሩቅ ሁሉንም ሰምታለች። ለምን ዝም ብዬ እንዳዳመጥኩት ጠይቃኝ፣ እንግዳ ነው ስላት ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። ቀለበቷን ግን ሳህን ስታጥብም አታወልቀውም፤ ድሮ ታወልቀው ነበር።

አራተኛ፤ ስለ ስልኩ። ትናንት ወደ ዝግጅትዎ ደውዬ መስመር ላይ አስገቡኝ። ባዶ የተመላለሰ ሳህን መጀመሪያ በማን በኩል ይሞላል ብዬ ጠየቅሁዎ። “ውድ እህታችን ኢንቲሳር” አሉኝ። እንሻራህ ነኝ አልኩ። “ጥያቄሽ የመጽሐፌን አራተኛ ምዕራፍ ያስታውሰኛል፣ ኢንቲሳር” አሉና ስለ ምዕራፉ፣ ምዕራፉን ስላደነቁት ፕሮፌሰሮች፣ ፕሮፌሰሮቹ ስላነሱዎ ፎቶግራፍ አስረዱኝ። ስለ ሳህኑ ሊመጡ ሲሉ ስልኩ ተቋረጠ። ቴሌቪዥኑ ላይ ግን አሁንም አንገትዎን እየነቀነቁ ያዳምጡኝ ነበር፤ ለዚህ ትዕግሥትዎ ምን ብዬ ላመስግንዎ?

ክቡርነትዎ ካልተቀየሙኝ፣ እኔም ስለ ጁማና አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። ሴትየዋን ከረመዳን መግቢያ ጀምሮ ስንከታተላት አንድ ቀን ስትበላ አይተናት አናውቅም። በዚያ አሥራ ሁለት ክፍል ባለው ቤት በር ሲንኳኳ የሚመጣው ጠበቃ ነው ወይም ፖሊስ። አንድም ጎረቤት ሳህን ይዞ መጥቶ አያውቅም። “ፊትሽ ገርጥቷል፣ ብይ እንጂ” የሚላት የለም፤ ሻሽሽ ጠሟል የሚላት የለም። ሰው ካልነገራት መስታወቱን ትጠይቃለች፤ ሌላ ማንን ትጠይቅ? ባሎቿን ማሳበዷን አልደግፍም። ግን እናንተ ጋ ድራማውን የሚጽፉት ሰዎች አንዲት ኡም ሳብሪንን ጨምረውላት ቢሆን ኖሮ፣ ድራማው በሁለተኛው ሳምንት እሷ ስለ ጉልበት ሕመም ስታወራ ያልቅ ነበር፤ እርስዎም ጾሙን ቤትዎ ሆነው በሰላም ባፈጠሩ።

ሹሩቅና ሐጋ ፈውዚያ ግን በሽታው የለባቸውም። ራሱን ብቻ የሚወድ ሰው ስለ ሌላ ሰው ሲያስብ አይውልም። እነዚህ ሁለቱ ቀኑን ሙሉ አንዷ ስለ ሌላዋ ነው የሚያስቡት፤ ሳህን እስኪያብለጨልጭ ድረስ።

ደብዳቤውን ትናንት እዚህ ላይ አቁሜው ነበር። አሁን ረቡዕ ነው፣ ነፋሱ ቆሟል። ዛሬ ጠዋት ያደረግሁትን ልንገርዎና ልሰናበት።

ለዒድ ብስኩት፣ ለካሕክ፣ ያስቀመጥኩትን ዱቄት አወጣሁ። ቅቤውን አቅልጬ አፈሰስኩበት፣ አሸሁት፣ አድበለበልኩት። ሹሩቅን ቀሰቀስኩና ምንም ሳልናገር ካሕኩ ላይ ሐረግ የሚወጣበትን መቆንጠጫ እጇ ላይ አደረግሁላት። እሷም ተቀመጠች። ንዴቷ ገና ስላልወጣላት ሐረጉን አጥልቃ ነበር የምትወጋው፤ አንዳንዱ ብስኩት ቆስሏል ማለት ይቻላል። ጋግሬ ስኳር ነሰነስኩበትና በዚያ ሳህን ላይ ደረደርኩት። ሸሓታን አልጠራሁም፤ አንድ የሚያውቀው ጠባቂ ይረፍ ብዬ ራሴ ይዤ ወጣሁ።

ሐጋ ፈውዚያ ከፈቱ። መጀመሪያ ያዩት ሳህኑን አልነበረም፤ እኔን ነው። የአሳንሰሩ መስታወት ቀለም ስለተቀባ አፍንጫዬ ላይ ዱቄት እንዳለ አላወቅሁም። በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉልኝ። ከዚያ ወደ ሳህኑ ጎንበስ አሉ።

“ስኳሩ አንሷል።”

ሁለታችንም ጾመኞች ነን፤ የቀመሰ የለም። 

“ሐረጉን ያወጣችው እሷ ናት?”

“እሷ ናት፣ ሐጋ።”

“እጇ ከባድ ነው። ከሠርጉ በኋላ አሳያታለሁ።”

ካሕኩን ወደ ራሳቸው ትሪ ገልብጠው፣ ሳህኑን ሎሚ ሞልተው ሰጡኝ። ወርጄ ሹሩቅን እጅሽ ከባድ ነው ተባልሽ አልኳት። አኮረፈች። አንድ ሎሚ አንስታ አሸተተች፣ መለሰችው።

“መቼ አሳያታለሁ ነው ያሉት?” አለች።

“ከሠርጉ በኋላ።”

“በይ እንግዲህ” አለችና ሁለተኛውን ዱቄት ማሸት ጀመረች። ስኳሩን ጨምራለች።

የእርስዎን ጊዜ የወሰድኩ፣ የመጽሐፍዎን አራተኛ ምዕራፍ ሳላነብ ይህን ሁሉ ለመጻፍ የደፈርኩ፣ ዕውቀትዎ በሚቀጥለው ረመዳን ሌላ ሕንፃ እንዲያበራ ከልቤ የምመኝ፣

በምድር ቤቱ ቀኝ በር የምኖር
እንሻራህ
(ኢንቲሳር ያልሆንኩት)

ማስታወሻ፦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያንን ሳህን ልኬልዎታለሁ። ሐጋ ፈውዚያን አማክሬያቸው ተስማምተዋል፤ በሌላ ሳህን ጀምረናል። ካሕክ ልጨምርበት አስቤ ነበር፤ ግን ባዶ እጅ ጋሻ ነው ብለው ያስተማሩን እርስዎ ስለሆኑ ትምህርትዎን ላለማፍረስ ተውኩት። ባዶውን መጣብኝ ብለው አይቀየሙ። ጾሙን ሙሉ በአመድና በሎሚ የተፈተገ ሳህን ነው፤ ወደ ብርሃን ዞር ብለው ደህና አድርገው ቢያዩት፣ በየምሽቱ ሲፈልጉት የነበረውን በሽተኛ ያገኙታል። ፀጉሩንም ያስተካክሉለት።