የባዝራህ ጭራ አሳበቀብህ

የልቤ ሰው ሙሉቀን፣

ከተለያየን ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ የከተማችን የቆሰበር ጭቃ ዘንድሮም እንዳለ ነው። እንዴት ነህ ብዬ አልጀምርም፤ ተናድጃለሁ። በሕይወት ብትኖር ኖሮ ዛሬ በዚህ ቤት እራት አትበላም ነበር።

ቤቱ ደህና ነው። የጓሮው አጥር ታደሰ፣ እናቴ ከእኔ ጋር ገብታለች፣ ዳማዋ ባዝራህም አለች። በቀብርህ ዕለት ጭነናት፣ ጋቢህን ደርበንላት ከአስከሬንህ ፊት ስትሄድ ያየ ሁሉ አለቀሰ። የምጽፍልህ ስለ እሷ ነው።

ከቀብርህ በኋላ በግጦሽ ጥናቱ አብሮህ የሚሠራው ባልደረባህ ከጭራዋ ነቅሎ የላከው ፀጉር ውጤቱ መጣ። መቼም ያን ነገር በቃሌ እስክይዘው አስተምረኸኛል። ካርቦን ቀላልም ከባድም አለው፣ አይሶቶፕ ይሉታል፤ ሣሩ ከፍ ካለ ቦታ በበቀለ ቁጥር ከባዱ ይበዛበታል፤ ባዝራዋ የበላችው ደግሞ በጭራዋ ፀጉር ላይ ወር በወር ይቀመጣል፣ ጫፉ የድሮው፣ ሥሩ የአሁኑ። ለዚህ ስትል ነበር በየማለዳው ተራራው ራስ ላይ ወዳለው መስክ ይዘሃት የምትወጣው። በቆሎ ግን ከደጋ ሣር ሁሉ የባሰ ከባድ ነው፣ አንድ ነዶ አገዳ ልፋቴን ገደል ይከተዋል እያልክ ቤቱን ስታምሰው ኖርክ። እናቴ ከጫግኒ ያመጣችውን እፍኝ በቆሎ ብትሰጣት እንዴት እንደጮህክባት ትዝ ይልሃል? ምስኪን፣ ስንት ጊዜ ደጃችንን ሳትረግጥ ቀረች!

እና ምን ተገኘ መሰለህ? ከጥር ጀምሮ አልጋ እስከያዝክበት ድረስ የበቀለው ፀጉር በቆሎ ነው። በቆሎ! ባልደረባህ ዓይኑን ወደ እናቴ ወረወረ፤ እሷ ባንገቷ መስቀል ማለች። እኔ ግራ ገባኝ። በማግስቱ አንተ ትሄድበት በነበረው መንገድ ባዝራዋን ይዤ ወጣሁ። ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ስንደርስ ከመንገዱ ወጥታ አንድ ግቢ ሰተት ብላ ገባች። ብጎትታት ወይ ፍንክች! ባለቤቱ ሽማግሌ ገና ሲያዩዋት አወቋት። አንተ በየቀኑ አጥራቸው ሥር ትቀመጥ እንደነበር፣ ዳገቱን ሞክረህ ትንፋሽ አጥሮህ ትመለስ እንደነበር፣ አገዳ ከእሳቸው ወስደህ እያበላሃት ትውል እንደነበር ነገሩኝ። ለሚስቴ እንዳይነግሩብኝ ብለህ አስምለሃቸው ኖሯል።

በጥር! ለእኔ ደረቴን አመመኝ ያልከኝ በሐምሌ ነው። ሐኪሙ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ ሲል አጠገቤ ተቀምጠህ አንገትህን ደፋህ። እኔ እኮ ምን አጎደልኩ፣ እንዴት ሳላይ ቀረሁ እያልኩ ራሴን ስበላ ነው የከረምኩት። አንተ ጨካኝ! ማንን ፈራህ? ተራራው ይቅርብህ ብዬ እንደማስቀርህ ስላወቅህ ነው አይደል? አዎ፣ አስቀርህ ነበር! እግርህ ላይ ተጠምጥሜም ቢሆን አስቀርህ ነበር። ባዝራዋ እንዳትራብ አዘንክላት፤ ለእኔስ?

አሁን መስኩ ድረስ የምወጣው እኔ ነኝ። ከላይ ስደርስ ስምህን እየጠራሁ እሰድብሃለሁ፣ ከዚያ አለቅሳለሁ። ባልደረባህ የበቆሎው ክፍል ለጥናቱ አይሆንም፣ ይጣል ብሏል። እሱ የራሱን ይጣል። የባዝራዋን ጭራ ግን መቀስ አላስነካውም። የዋሸኸኝ ወራት እዚያ ላይ አሉ፤ ከእነሱ በላይ ደግሞ እኔ የማበላት የመስኩ ሣር እያደገ ነው። ያ ሁሉ ቢረግፍም እኔ አልረሳህም። ስወጣም ስወርድም እዚያ ግቢ እንገባለን፤ ብቻህን ትታመምበት በነበረው አጥር ሥር ትንሽ እቀመጣለሁ።

ሚስትህ የሺ