ፎጣውን ወደ ገመዱ መልሱት

ትናንት ሰኞ ከጉንጬ ላይ የተጠረገው ናሙና ውጤት ደረሰ፤ ባንተ ብጉር የሚታማው ባክቴሪያ የእኔም ፊት ላይ ሞልቶ ተገኘ።

ውድ ወንድሜ፣ ለመሆኑ እንዴት ነህ? እንቅልፍህስ፣ ምግብህስ? የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነላት? አባባንስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፤ ሰላም የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ወሬውን ከሰላምታ ማስቀደሜን እንደ ብልግና አትቁጠርብኝ።

ክሊኒኩ አዲስ መመርመሪያ ሊሞክር ብጉር የሌለበት ፊት ሲፈልግ ከሠራተኛው ሁሉ እኔ ተመረጥኩ። ምን ያህል እንደተኩራራሁ ልንገርህ? ፀጉሬን ተሠርቼ ሄድኩ። ውጤቱን ሲያሳዩኝ ናሙናው ተቀላቅሎባችሁ ይሆናል ብዬ ተከራከርኩ። የላቦራቶሪው ባለሙያ ስቆብኝ የቆዳ ሐኪሟ ዘንድ ወስዶ ከሰሰኝ።

እሷም ጓንቷን እያወለቀች አስረዳችኝ። ይህ ባክቴሪያ በአዋቂ ሰው ሁሉ ፊት ላይ፣ በፀጉር መብቀያው ቀዳዳ ውስጥ ይኖራል፤ የቆዳን ወዝ እየበላ ሌላ ጎጂ ተህዋሲ ቦታ እንዳያገኝ ያግዛል። ዘሩም አንድ ብቻ አይደለም፤ ቆዳ የሚያስቆጣ አለ፣ ከቆዳ ጋር ተስማምቶ የሚኖር አለ። ችግር የሚመጣው ወዙ ሲበዛ፣ ቀዳዳው ሲደፈን፣ ሚዛኑ ሲዛባ ነው። ከቆሻሻ አይደለም፤ ብጉር በፎጣም በእጅም ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። አጥብቆ መፈተግ ደግሞ ቆዳውንም ጠባቂዎቹንም አብሮ ይልጣል አለችኝ። እሷ ስታወራ እኔ የማስበው የላክሁልህን ጠርሙስ ነበር።

ሥራዬ የሐኪሞቹን መሣሪያ መቀቀል ነው። ቀኑን ሙሉ ተህዋሲ ስገድል ውዬ ያንተን ፊት በስልክ ሳይ እንደ መቀስ ልቀቅልህ ቃጣኝ። እናንተ ሰፈር ውሃ ጠፋ እንዴ ብዬ ቀለድኩብህ፤ አንተም አብረኸኝ ሳቅህ። ሐኪሞቹ ከቀዶ ጥገና በፊት እጃቸውን የሚታጠቡበትን ቡናማ ፈሳሽ ልኬ ጠዋት ማታ ፈትግበት አልኩህ። ያ አልበቃ ብሎኝ እማዬን ፎጣውን ለዩለት፣ ትንሿ እህታችን ሚጣም እንዳትስመው አልኳት። ክሊኒክ የምትሠራዋ ልጅ ተናግራ ማን ይከራከራል?

ከዚያ ወዲህ ስትደውል ካሜራውን ወደ ጣሪያው ታዞራለህ። ፊቴ አምሮበታል እትዬ ትለኛለህ፤ እኔም ቆርቆሮውን እያየሁ አምንሃለሁ። ቆዳህ መላጡን፣ የፎጣው ወሬ በሚጣ አፍ ወጥቶ አንተ የምትሠራበት ፀጉር ቤት መድረሱን፣ ደንበኞች ባንተ እጅ አንላጭም ማለታቸውን፣ ባለቤቱ ጋሼም ለጊዜው ቤትህ ተቀመጥ ማለቱን የሰማሁት ባለፈው ሳምንት ከእማዬ ነው። አንተ አንድ ቀን አልወቀስከኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በስልክ ብነግርህ ተይው እትዬ ብለህ ትዘጋዋለህ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ሁሉም ለምሳ በተሰበሰቡበት ጮክ ብለህ አንብበው። ፎጣው ይለይ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ። ከሌሎቹ ጋር አንድ ገመድ ላይ ይሰጣ። ፈሳሹን ዛሬውኑ ድፋው። ፊትህን በለስላሳ ሳሙና በቀን ሁለቴ ብቻ ታጠብ፣ አታፍርጠው፣ ጤና ጣቢያ ሄደህም አሳይ። መድኃኒት ቢሰጡህም ለውጡ ሳምንታት ይፈጃል ብላለች ሐኪሟ። የመላጫ ዕቃህን ግን እንደ በፊቱ አጽዳ፤ እሱ ላይ አልተሳሳትኩም።

ደብዳቤውን የያዘው መንገደኛ ሐሙስ ይደርሳል። ሐኪሟ ብጉር እንደማይተላለፍ ለጋሼ በማኅተም የጻፈችው ወረቀት አብሮ አለ። ካልበቃው እኔን ደውሎ ይሳደብ፤ ስልኬን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌለታለሁ።

እማዬንና አባባን ጉልበት ሳምልኝ። ሚጣን ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ ንገራትና ጉንጯን ሳምልኝ፤ እሷም አንተን እንድትስምህ አዝዣለሁ። ጋሼንም ሰላም በልልኝ። ወደ ወንበርህ መመለስ አለመመለስህን የሚነግርህ ቅዳሜ ጠዋት ነው አሉ። ያኔ እደውላለሁ፤ ካሜራውን ወደ ፊትህ አዙረው።

እህትህ
ከክሊኒኩ የመሣሪያ መቀቀያ ክፍል
ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን