ለእንሰቱ መንቀያ ድርሻሽን ክፈይ ስለመባሌ

ለክቡር አቶ ተክለጊዮርጊስ
የእናታችን ቤት ሽያጭ አስተባባሪ፣ ገንዘብ ያዥ እና ኦዲተር
አዲስ አበባ

ክቡር ታላቅ ወንድሜ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤንነትን፣ ለመኪናዎ ጎማም ረጅም ዕድሜን እመኛለሁ። የጎማው ወጪ በሦስታችን ላይ የሚከፈል መሆኑን ባለፈው ሳምንት ስላሳወቁን፣ ጤንነቱ የሁላችንም ጉዳይ ሆኗል። እኛ ሆሳዕና ያለነው እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡም መልካም ነው፣ ገበያውም ደህና ነው።

ጋሼ እያልኩ ያደግኩትን ሰው እንዲህ በማዕረግ መጥራቴ የሚያስገርምዎ ከሆነ ምክንያቱን በትሕትና ላስረዳ። እናታችን ያወረሰችንን ቤት ለመሸጥ አወጣሁ ያሉትን የወጪ ዝርዝር ለእኔና ዱራሜ ለሚያስተምረው ወንድማችን ለሙሉአለም ብቻ መላክ ሲችሉ፣ አክስትና አጎት፣ የአጎት ልጅ፣ የአጎት ልጅ ሚስት ሳትቀር በተሰበሰቡበት የቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፉት። ከሥሩም ሊሻን ድርሻዋን ስላልከፈለች ሽያጩ ተጓቷል የሚል ማብራሪያ ጨመሩበት። በአደባባይ የተከሰሰ በአደባባይ ቢመልስ ነውር የለውም ብዬ እኔም መልሴን እዚሁ አስቀምጫለሁ። ሙሉአለም እንደ ልማዱ የእርስዎን ዝርዝር በአውራ ጣት ምልክት አጽድቆታል፤ የእኔንም ደብዳቤ በዚያው ጣት እንደሚያጸድቀው አልጠራጠርም።

ስለሆነም ከዚህ በታች ያሉትን ምስጋናዎቼን በተለመደው ትዕግሥትዎ እንዲመለከቱልኝ እለምናለሁ።

1ኛ. ስለ ማረፊያዎ። ለሽያጩ ጉዳይ በመጡ ቁጥር ሆቴል አርፈው የከተማችንን የሆቴል ዘርፍ ስላበረታቱ አመሰግናለሁ። እናታችን እስከ መጨረሻዋ ድረስ የተክሌ ክፍል ስትለው የኖረችው ክፍል አንሶላው ታጥቦ፣ ብርድ ልብሱ ተነጥፎ ሲጠብቅዎ ነበር። ቤቱ ይቀዘቅዛል ስላሉ አላስገደድኩዎትም። ከድሮ የትምህርት ቤት ጓደኞችዎ ጋር የበሉት ክትፎ ግን የሽያጭ ድርድር በሚል ርዕስ ሥር ተመዝግቦ ሳይ፣ ከነማን ጋር ምን እንደተደራደሩ ማወቅ አማረኝ። ከጓደኞችዎ አንዱም ቤት ገዢ አልነበረም።

2ኛ. ስለ ደላላው። ገዢዋን ወይዘሮ ሐዳሳን ያገኘኋቸው እኔ ነኝ። ከጃጁራ ቅቤ እያመጡ የሚሸጡ፣ ለዓመታት ከሱቄ ስኳርና ሳሙና ሲገዙ የኖሩ ደንበኛዬ ናቸው። እርስዎ የቀጠሩት ደላላ አንድ ቀን ሻይ ቅጠል ሊገዛ ሱቄ ገብቶ ስንነጋገር ሰማና፣ በማግሥቱ ገዢ አግኝቻለሁ ብሎ ወይዘሮ ሐዳሳን ለእኔው መልሶ አስተዋወቀኝ። እርስዎም ለዚህ ድካሙ ኮሚሽን ቆረጡለት። ከገዛ ደንበኛዬ ጋር በክፍያ የተዋወቅኩት በዕድሜዬ ገና አሁን ነው።

3ኛ. ስለ እንሰቱ። እዚህ ላይ ጨዋነቴ ቢጎድል ይቅር ይበሉኝ። እናታችን ፍግ ከጎረቤት እየለመነች ያሳደገችውን እንሰት፣ ጓሮው ጫካ መስሎ የገዢዋን ሐሳብ ያስቀይራል በማለት፣ ዝንጅብል ላመጣ ሀደሮ ገበያ በሄድኩበት ቀን የቀን ሠራተኛ ልከው አስነቀሉት። ስመለስ የደረሰውም ያልደረሰውም አንድ ላይ ተከትክቶ፣ በጋሪ ተጭኖ ወንዝ ዳር ተደፍቷል። እናቶች ተሰብስበው፣ ቀን ቆርጠው፣ እየፋቁ ወደ ጉድጓድ የሚያስገቡት የዓመት ምግብ እንደ ቆሻሻ ተጣለ። ጎረቤቶቻችን ወንዝ ዳር ወርደው ተቀቅሎ የሚበላውን ሥሩን፣ አሚቾውን፣ ከጭቃ ሲለቅሙ ሳይ አፍሬ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ሌላ ሰው ቢያደርገው አላወቀም እል ነበር። ተክሌ፣ አንተ እኮ በዚያ ቆጮ ነው ያደግከው! ይቅርታ፣ እርስዎ ለማለት ነው። በየመስቀሉ ቤተሰብዎን ይዘው ሲመጡ የሚቀርብልዎ ቆጮ ከየትኛው ሱፐርማርኬት የሚመጣ መስሎዎት ነበር?

ወይዘሮ ሐዳሳ ቤቱን ለማየት በመጡ ጊዜ ሳሎኑን ከበር ላይ ቆመው አየት አደረጉና በቀጥታ ወደ ጓሮ ነበር ያለፉት። የእንሰቱን ግንድ አንድ በአንድ እየዳበሱ፣ የትኛው ዘንድሮ፣ የትኛው ለከርሞ እንደሚደርስ በልባቸው አስልተው ነው በዋጋው የተስማሙት። ውል ሊፈጽሙ ባለቤታቸውን ይዘው ሲመለሱ ግን ያገኙት የተገለበጠ አፈር ነው። የሚበላ የሌለው ጓሮ ይዤ ልጆቼን ምን ላብላ ብለው ዋጋውን ክፉኛ ቀነሱት፤ እውነታቸውን ነው። እርስዎ በዝርዝርዎ ላይ ይህንን የገበያ መቀዛቀዝ ብለውታል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ደግሞ የጓሮ ማጽጃ የሚል አለና፣ ቤታችንን ላረከሰው ሥራ የሠራተኛውን ሒሳብ ለሦስት አካፍለዋል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

4ኛ. ለሽያጩ ያስቀቡትን የቀለም ነገር እተወዋለሁ። የፊት ለፊቱ ግድግዳ ብቻ መቀባቱን መንገደኛው ሁሉ እያየ ስለሚስቅ የእኔ መጨመር አያስፈልግም።

5ኛ. ስለ ኪራይ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ሊሻን በቤቱ ለኖረችበት የኪራይ ተቀናሽ የሚል አገኘሁ። የኖርኩበትስ ምን ስሠራ ነበር? እናታችን ወገቧ ከተያዘ ጀምሮ ያገላበጥኳት፣ ያጠብኳት፣ ሌሊት ስትጣራ አቤት ያልኳት እኔ ነኝ። ጣሪያው ሲያፈስ ቆርቆሮውን የገዛሁት፣ የየዓመቱንም የቦታ ግብር የከፈልኩት እኔ ነኝ። ይህም ይታሰብልኝ ብዬ ብጠይቅ፣ ያ የልጅ ፍቅር ነው፣ በገንዘብ አይተመንም ብለው ሙሉአለም ባለበት አስተምረውኛል። እንግዲህ የእርስዎ ቤንዚን ወጪ ነው፤ የእኔ ቆርቆሮ ፍቅር ነው።

ክቡር ወንድሜ፣ ተናድጃለሁ። ከመናደዴ ይልቅ ግን ፈርቻለሁ። እርስዎ አዲስ አበባ ቤት አለዎት፤ ሙሉአለምም ዱራሜ ጎጆውን ሠርቷል። የእኔ ቤትም ሱቅም ይኸው የሚሸጠው ነው። ያ ሁሉ ተቀናንሶ ተረፈልሽ የተባልኩት በዚህ ከተማ ጫፍ አንዲት ክፍል እንኳን አይገዛልኝም። አምሳን ካለፍኩ በኋላ ሰው ቤት ተከራይቼ ከዜሮ ልጀምር ማለት ነው። እናታችን የወለደችን እኩል ነው፤ ሜዳ ላይ የምቀረው ግን እኔ ብቻ ነኝ።

እንዳይከፋዎ፣ ቤቱ አይሸጥ አላልኩም። የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት የተከፈለውን፣ የስም ማዛወሪያውንና የመንግሥትን ግብር ለሦስት እንካፈል፤ የእኔን ድርሻ ዛሬውኑ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ። ሦስታችን ያልመከርንበትን ግን ያዘዘው ይክፈለው። ኪራይ የሚለውም ይሰረዝ፤ ካልተሰረዘ እኔም የአስታማሚ ደመወዜን አቀርባለሁ፤ የሌሊቱን ጨምሮ።

በሥራ ብዛት መካከል ይህን ያህል ስላነበቡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በጉብኝትዎ ጓሯችን፣ በሒሳብ ችሎታዎ ደግሞ ጓዳችን ከባዶነት በቀር ምንም እንዳይተርፋቸው ስላደረጉ፣ ውለታዎን ለመክፈል አቅሙን ይስጠኝ እያልኩ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ።

ታናሽ እህትዎ፣ እስካሁንም የቤቱ ተከራይ፣
ሊሻን
ሆሳዕና

ግልባጭ፦
— ለወንድማችን ለሙሉአለም፣ ዱራሜ (ከአውራ ጣት በተጨማሪ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ)
— ለወይዘሮ ሐዳሳ፣ ጃጁራ (ከይቅርታ ጋር)

ማስታወሻ፦ ቤቱን በስሜ እንዲሸጡ አምና የሰጠሁዎትን ውክልና ትናንት ጠዋት ሰነዶች ማረጋገጫ ሄጄ ሽሬዋለሁ። ከእንግዲህ እኔ ራሴ ቀርቤ ካልፈረምኩ ቤቱ አይሸጥም። ማንንም ሳላማክር በራሴ ያዘዝኩት ወጪ በመሆኑም፣ በእርስዎ አሠራር መሠረት የመሻሪያውን ክፍያ ለሦስት አካፍዬዋለሁ። ድርሻዎን እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ።