ከመኪናዎ አይራቁ

ለክቡር የሰሜን ጎዳና ተጓዦች ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ማክሰኞ ኦክቶበር 23 ቀን 2018፣ ከጎዶማ መገንጠያ አጠገብ ከአስፋልቱ ዳር በቆመች ቀይ መኪና የፊት መስታወት ላይ፣ የጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም ያረፈበት ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ ተገኘ። የተጻፈው ለባለመኪናው ለአቶ ጎልቻ ቦሩ ነው። ጥፋቱ በመንገድ ላይ እርጥብ ቅርንጫፍ ማስቀመጥ ነው። አቶ ጎልቻን ከፌብሩዋሪ 9 ቀን ጠዋት ወዲህ ያየው ሰው የለም።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ካልኩ በኋላ ሰላምታዬን ላቅርብ። እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን ከርማችኋል? ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለመኪናዎ አራት ደህና ጎማዎች፣ ከኋላዋም አምስተኛ የስኮርታ ጎማ እንዲኖርዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛ በሞያሌ ደህና ነን፤ ከአንድ ሰው በቀር።

ይህ ለእርስዎ የምጽፈው አራተኛ ደብዳቤ ነው። ሁለቱን በእንግሊዝኛ፣ አንዱን በስዋሂሊ ጽፌ መልስ ስላላገኘሁ፣ ጥፋቱ የቋንቋው ሊሆን ይችላል ብዬ ይህን በአማርኛ አቅርቤአለሁ። እርስዎ ባያነቡት እንኳ በዚያ መንገድ ድንበር ተሻግረው የሚመላለሱት የሀገሬ ሾፌሮች ያነቡታልና፣ እንደ ሦስቱ ጨርሶ ያልተነበበ ሆኖ አይቀርም።

ለእነሱ ስል ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ። ጎልቻ እዚህ ሞያሌ፣ ቡቲዬ ሰፈር የሚኖሩት የጎረቤቴ የወይዘሮ ቆቲሌ ልጅ ነው። ሞምባሳ ወደብ፣ ከጃፓን የሚመጡ ያገለገሉ መኪናዎች የሚራገፉበት ግቢ ውስጥ ይሠራ ነበር። እናቱ መንገዱ ገና ጠጠር በነበረበት ዘመን በከብት ሎሪ ላይ ቆመው ማርሳቢት ሐኪም ቤት ሄደው ከተመለሱ ወዲህ፣ ሁለተኛ መኪና ላይ አልወጣም ብለው ነበር። ልጁ አስፋልቱ ሲያልቅ በራሱ መኪና ሊያንሸራሽራቸው ቃል ገባላቸው። አስፋልቱ አለቀ። እሱም ባለ ሁለት በር፣ ሆዷ ከመሬት አንድ ስንዝር የማይርቅ የስፖርት መኪና ነድቶ መጣ። እናቱ ከዚያች ዝቅተኛ ወንበር መነሳት እንዳይቸግራቸው ወፍራም ትራስ ገዝቶ ከጎኑ አስቀምጦ ነበር። ትራሱ ላስቲኩ ሳይወልቅ ዛሬም እዚያው አለ።

ሐሙስ ፌብሩዋሪ 8 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ እናቱ ቤት ለመድረስ የአንድ ሰዓት መንገድ ሲቀረው፣ አስፋልቱ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ አጋጠመው። ከእሱ በፊት የተበላሸ ሎሪ ጎማው እንዳይንሸራተት ያስደገፈው ድንጋይ ነው። ሎሪ ቢመጣ ከሆዱ በታች አሳልፎት ይሄድ ነበር። ጎልቻ ግን የመኪናዋን ሆድ ላድን ብሎ መሪ ሲያዞር የፊት ግራ ጎማዋ ጎኑ ተቀደደ። ይህን በእርስዎ ላይ አልቆጥርም። ድንጋይ አስደግፎ መኪናው ሲጠገን ሳያነሱ መሄድ የእኛ ሾፌሮች ልማድ ነው፤ እኛው እንሸከመዋለን። የቀረውን ግን በትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ። ስላደሉን የመመሪያ መጽሐፍ አመሰግናለሁ። ጎማ ሲቀደድ ምን እንደሚደረግ የሚያስረዳው ገጽ ሰባት ደረጃዎች አሉት፤ አራተኛው ስኮርታውን አውጥተው ይለውጡ ይላል። የጎልቻ መኪና ስኮርታ የላትም። ፋብሪካው በስኮርታ ፋንታ አንዲት ጠርሙስ ሙጫና መዳፍ የምታህል የነፋስ መሙያ ሰጥቷታል። ሙጫው ሚስማር ለበሳው ጎማ ይሆናል፤ ጎኑ ለተቀደደ አይሆንም። ጎልቻ ሞክሮታል። ሙጫው በተቀደደው በኩል ፈሶ አስፋልቱ ላይ ደርቋል፤ የኤፕሪል ዝናብ እንኳ ያልጠረገው ነጭ እድፍ ሆኖ ይታያል። ስኮርታ ለሌለው ሰው መጽሐፍዎ አንድ ምክር አለው፦ ወደ እኛ ይደውሉ፤ ከመኪናዎ አይራቁ። ዕድሜዬን በጋዜጣ ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና አጭር ዓረፍተ ነገር ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ። ለመንገዱ ንጽሕና ስለሚጨነቁ አመሰግናለሁ። ከጃንዩዋሪ ጀምሮ በአስፋልት ላይ ቅጠል ማስቀመጥ ቆሻሻ እንደ መጣል ይቆጠራል ብለው አስታውቀዋል። በዚህ መንገድ ግን መኪና ሲበላሽ ሾፌሩ እርጥብ ቅርንጫፍ ቆርጦ ሃያ እርምጃ ወደኋላ ያስቀምጥ ነበር። ቅጠሉ እርጥብ ከሆነ ችግር አለ፣ ሰው አለ ማለት ነውና የሚያልፍ ሁሉ ይቆማል። ቅጠሉ ከደረቀ ሰዎቹ ሄደዋል ማለት ነውና ማንም አይቆምም። ጎልቻ የከተማ ሰው ሆኖ ነበርና የእርስዎን ትእዛዝ አከበረ፤ በቅጠል ፋንታ ባለ ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ አቆመ። በዚያ ቀን በዚያ ያለፉ ሰባት ሾፌሮችን አግኝቼ ጠይቄአለሁ። ሰባቱም መኪናዋን አይተዋል፤ ሰባቱም ቅጠል አልነበረም ብለውኛል። አንደኛው ጎልቻን ከመኪናው ጋር ፎቶ የሚነሳ ሀብታም መስሎት በጥሩምባ ሰላም ብሎት አለፈ። ጎልቻም እጁን አንሥቶ መለሰለት። ይህ ሾፌር አሁን እዚያ ቦታ ሲደርስ ጥሩምባውን ሳያሰማ አያልፍም። ለማን እንደሚያሰማ ብጠይቀው ወሬ ቀየረብኝ።

ሦስተኛ። ስለ ስልክ መስመርዎ ቅልጥፍና አመሰግናለሁ። በዚያን ቀን የቆመ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የከብት ሎሪ ነጂው አሬሮ። እሱም የቆመው ከጫናቸው በሬዎች አንዱ ወድቆበት ሊያነሳ ነው። በሬውን ካቆመ በኋላ ክሪኩን ይዞ ወደ ጎልቻ ሄደ። የሎሪ ክሪክ እስከ መጨረሻው ቢወርድም ከዚያች መኪና ሆድ በታች አይገባም። “አንተ ልጅ፣ ይቺን ነገር ከመሬቱ ጋር ሰፍተው ነው የሸጡልህ?” አለው፤ ጎልቻም ሳቀ። አሬሮ ሌላ መላ ነበረው። ጎማውን ቀስ አድርጎ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ማውጣትና ክሪኩን በተገኘው ክፍተት ማስገባት ይቻላል፤ ቸርኬው ትንሽ ይቧጨራል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። ጎልቻ ግን ቀድሞ ደውሎላችሁ ነበር። ስልኩን ያነሳው ባልደረባዎ በአርባ አምስት ደቂቃ እንደምትደርሱ ነግሮ፣ መኪናዋን እንዳያንቀሳቅስና ከአጠገቧ እንዳይርቅ አዞታል።

“እንግዲያው ና ውጣ፤ ቱርቢ ላይ ጎሚስታ አለ፣ ይዘኸው ትመለሳለህ። ይቺን ማን ተሸክሞ ይወስዳታል?” አለው አሬሮ። “ጋሼ፣ ሰዎቹ እኮ መንገድ ላይ ናቸው፤ መጥተው ቢያጡኝስ?” አለ ጎልቻ።

አሬሮ ከብቶቹ በፀሐይ ቆመውበት ነበርና አምስት ሊትር ውሃ በጀሪካን ትቶለት ሄደ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ሲመለስ መኪናዋ እዚያው ነበረች። በሯ አልተቆለፈም። ስልኩ እንደተሰካ ወንበሩ ላይ ነበር። ጀሪካኑ ከመኪናዋ ጥላ ሥር ቆሟል፤ ክዳኑ ጠብቆ ተዘግቷል፤ ውሃው ከግማሽ በላይ ነው። ጠዋት ማለዳ ያለፈ አንድ የሚኒባስ ሾፌር ጎልቻን ከመኪናዋ የኋላ መከላከያ ላይ ተቀምጦ ወደ ደቡብ፣ ቡድንዎ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ሲመለከት አይቶታል። ከዚያ በኋላ ያየው የለም። አሬሮ ዛሬ በድሮው የአፈር መንገድ ይመላለሳል፤ ሁለት ሰዓት ይጨምርበታል። ምክንያቱን ስጠይቀው “ውሃውን አልጨረሰውም” አለኝ።

አራተኛ። ስለ መዝገብ አያያዝዎ አመሰግናለሁ። ቡድንዎ አርባ አምስት ደቂቃው ባለፈ በስድስተኛው ቀን ደርሶ፣ ከመኪናዋ ኋላ ብርቱካናማ ምልክት አቁሞ፣ ቅጽ ሞልቶ ተመልሷል። ቅጹን አይቼዋለሁ። የተጓዡ ሁኔታ በሚለው ፊት ሁለት ምርጫ ብቻ አለ፤ ድጋፍ አግኝቶ ሄዷል የሚልና ከመኪናው አጠገብ እየጠበቀ ነው የሚል። ድጋፍ አላገኘምና ሠራተኛዎ በሐቀኝነት ሁለተኛው ላይ ምልክት አደረገ። ስለዚህ ጎልቻ በመዝገብዎ እየጠበቀ ነው። ለፖሊስ ስናመለክት መርማሪው በትሕትና የእርስዎን መዝገብ አሳየን። ያለበት የታወቀ ሰው ጠፋ ተብሎ አይመዘገብም፤ ያልጠፋን ሰው ደግሞ ማንም አይፈልግም። የቡቲዬ ሰዎች በራሳችን አሥራ አንድ ቀን ፈልገናል። ውሻና መኪና ያላቸው፣ ቁጥቋጦውን በወጉ ሊያስሱ የሚችሉት ፖሊሶች ግን የእርስዎ አንዲት ቃል እስክትለወጥ እየጠበቁ ነው። በዚህ መንገድ ሁሉም ይጠብቃል።

አምስተኛ። ተጓዥን ስለማይረሱ አመሰግናለሁ። በየሳምንቱ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ልክ በደወለበት ሰዓት፣ በጎልቻ ስልክ ላይ ከጽሕፈት ቤትዎ መልእክት ይገባል። ውድ ደንበኛችን፣ ድጋፍ በመንገድ ላይ ነው፤ እባክዎ ከመኪናዎ አይራቁ ይላል። ስልኩን ወይዘሮ ቆቲሌ ይዘውታል። ባትሪው እንዲያልቅ አይፈቅዱም። ማንበብ ስለማይችሉ መልእክቱ ሲገባ ወደ እኔ ይዘውት ይመጣሉ፤ እኔም ጎረቤት ነኝና አነብላቸዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሌላ ነገር ላነብላቸው አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም። አንድ ሐሙስ መልእክቱን ሰምተው ሲያበቁ “እነዚህ ሰዎች ያዩታል ማለት ነው?” ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። “ከሆነ ጻፍላቸው፤ ፀሐዩ ሲበረታ ውሃ ይስጡት” አሉኝ። በዚያው ስልክ ጻፍኩ። ወዲያው መልስ መጣ፤ ለአስተያየትዎ እናመሰግናለን ይላል።

አሁን ወደ ማስጠንቀቂያው ልመለስ። ቅርንጫፉን የሚያስቀምጡት ወይዘሮ ቆቲሌ ናቸው። መኪና ላይ አልወጣም ብለው የማሉት እኚህ ሴት፣ ከማርች ወር ወዲህ መልእክቱ በገባ ቁጥር ሎሪ ለምነው እዚያ ድረስ ይሄዳሉ። የግራር ቅርንጫፍ ቆርጠው ሃያ እርምጃ ቆጥረው ያስቀምጣሉ፤ የደረቀውን ያነሳሉ። መኪናዋ ውስጥ አይገቡም። ቅጠሉ ከደረቀ ሰው ሁሉ ሄዷል ብሎ ያልፈዋል ይላሉ። እርጥብ ስለሆነም ሾፌሮች ይቆማሉ፤ ወርደው ወደ መኪናዋ ይሄዳሉ፤ በመስታወቷ ትራሱን አይተው ይመለሳሉ። አንዳንዱ የተቀመጠ ሰው አየሁ ይላል። እኔ ሄጄ ያየሁት ትራሱን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ከጥላዋ በኩል ስቆም መንገዱን እየደጋገምኩ ወደ ደቡብ አየሁ፤ የሚመጣ ነገር አልነበረም።

ወይዘሮ ቆቲሌ ልጄ ሞቷል አይሉም፤ መንግሥት እየጠበቀ ነው ብሎ በየሳምንቱ ሲነግራቸው እንዴት ይበሉ? ሐዘን አልተቀመጡም። ጎረቤትም ሊያጽናናቸው ወደ ቤታቸው አይገባም፤ ምን ብሎ ይገባል? ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ነው። እየጠበቀ ነው የሚለው ተነስቶ ጠፍቷል ይባል። ከተገኘ ደስታውን፣ ካልተገኘም ልቅሶውን እኛ እናውቅበታለን። የመዝገብ ኮሚቴዎ ይህን ጉዳይ ሐሙስ ኖቬምበር 15 ቀን እንደሚያየው ጸሐፊዎ በስልክ ነግረውኛል፤ ስለዚህ መልካም ዜና በወይዘሮ ቆቲሌ ስም እጅ እነሳለሁ።

ጊዜዎን በከንቱ እንዳላባከንኩ ተስፋ በማድረግ፣ ወንበርዎ የጸና፣ መንገድዎ የለሰለሰ፣ የሚደውሉለትም ሰው ሁልጊዜ የሚደርስ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ በጥልቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

ገብረመድኅን፣
የወይዘሮ ቆቲሌ ጎረቤት፣
ቡቲዬ፣ ሞያሌ፤ ኦክቶበር 29 ቀን 2018

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ የማስጠንቀቂያውን ቅጂ ደግሜ አየሁት። ከግርጌው ለባለመኪናው በእጅ ተሰጥቷል በሚለው ፊት ምልክት ተደርጓል፤ የተቀባይ ፊርማም አለበት። ለወይዘሮ ቆቲሌ ይህን ማንበብ አልነበረብኝም፤ አነበብኩላቸው። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁኛል፤ የሰጠው ሠራተኛ ልጃቸው ከስቶ እንደሆነ አስተውሎ እንደሆን። ኮሚቴው በኖቬምበር 15 ከመሰብሰቡ በፊት ሠራተኛው ለማን እንደሰጠ ቢጠየቅ መልካም ነው። በዚያ ሐሙስም ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ስልኩ ይጮኻል፤ ከእርስዎ ውሳኔ ይቀድም ይሆናል።