በቤተሰብ መቀመጫ ስለተቆጠሩት ሁለት ጎሎች

ለምዕራፍ ስታዲየም የተመልካቾች መስተንግዶና ሥርዓት ክፍል
ለክቡር ኃላፊው
መቐለ

ጉዳዩ፦ የአንድ አዛውንት ጆሮ ጤነኛ ስለመሆኑ በማኅተም የተረጋገጠ ደብዳቤ እንዲጻፍ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎም፣ የተከበረው ቤተሰብዎም፣ ከመስታወቱ በስተጀርባ ጨዋታ የሚከታተሉበት ለስላሳ ወንበርዎም በፍጹም ጤንነት ላይ እንደምትሆኑ በማመን ሰላምታዬን ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። እኔ የዓዲ ሓቂ ነዋሪ፣ አማርኛ በማስተማር የምተዳደር፣ ከሸዋ መጥቼ በዚህች ከተማ አግብቼ ከተቀመጥኩ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላኝ ሰው ነኝ። ኳስ ያልነበረባቸውን ዓመታት ሳልቆጥር፣ እስካለፈው ወር ድረስ ቡድናችን በሜዳው ያደረገውን እያንዳንዱን ጨዋታ ከአማቴ ከአቶ ገብረዝጊ ጋር በስታዲየምዎ ጥላ ፎቅ በግራ በኩል፣ ከታች ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ተከታትያለሁ።

ወደ አቤቱታዬ ከመግባቴ በፊት ምስጋናዬን ላስቀድም። ክፍልዎ ዘንድሮ የቤተሰብ መቀመጫ የሚባል ስፍራ በማዘጋጀቱ እናቶች ሳይጋፉ፣ ሕፃናት ሳይረገጡ ኳስ ለማየት በቅተዋል። ባለቤቴ ፍሬወይኒ በትዳር ዘመናችን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዲየም የገባችው በእናንተ ምክንያት ነው፤ ለዚህ የማቀርበው ምስጋና ከልቤ ነው። ከዚህ በታች የሚመጡትን ምስጋናዎች ግን እንዴት እንደሚያነቧቸው ለእርስዎ ትቻለሁ።

፩ኛ. የቦታ አመራረጡን በተመለከተ። ስታዲየሙ ዙሪያውን ባዶ ወንበር ሞልቶት ሳለ ክፍልዎ ጊዜ ወስዶ፣ ባለሙያ መድቦ፣ ሕዝቡ በጣም የሚጮኸው የት ላይ እንደሆነ ካጠና በኋላ የጸጥታውን ስፍራ እዚያው እኛ የምንቀመጥበት ላይ በመትከሉ አድናቆቴ ወሰን የለውም። በዚያ ቦታ ሙነወር የሚባል ወጣት አንድ ትልቅ ከበሮ ይዞ፣ አራት መቶ የሚሆን ሰው እያስከተለ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ያስጨፍር ነበር። ሙነወር ሚስትም ልጅም ስለሌለው ከነከበሮው ወደ ሰሜን ጥግ ተሸኝቷል፤ እዚያ የሚመታው ከበሮ ደግሞ መሮጫውን ተሻግሮ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ጎረቤት ቤት ሥጋ የሚከተፍ ይመስላል። በምትኩ አምስት ክልከላዎችና አንድ ግዴታ የተጻፈበት ሰሌዳ ቆሞልናል። ከበሮ፣ ፉጨት፣ ጥሩምባ፣ ብድግ ማለትና ዳኛውን ከስሙ ውጪ በሌላ ስም መጥራት ተከልክሏል፤ ለሁለቱም ቡድኖች ጥሩ ጨዋታ እኩል ማጨብጨብ ግን ግዴታ ነው። እኔ መምህር ስለሆንኩ የፈተና አዳራሽ የገባሁ ያህል ተመችቶኛል፤ እንዲያውም በፈተና አዳራሽ ቢያንስ መንሾካሾክ አይጠፋም። ባለፈው ወር የእንግዳው ቡድን በረኛ በጨዋታው መካከል ሁለት ጊዜ ሲያዛጋ በዐይኔ አይቻለሁ። ሙነወር በቅርብ እያለ በረኛ ሊያዛጋ ቀርቶ ምራቁን በወጉ መዋጥ አይሆንለትም ነበር።

፪ኛ. ቅጹን በተመለከተ። የቤተሰብ ትኬት የሚሞላበት ቅጽ ባል፣ ሚስት እና ልጅ የሚሉ ሦስት ሳጥኖች ብቻ ያሉት በመሆኑ፣ አማት፣ አያት፣ አክስትና ሌላው ዘመድ አዝማድ ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ ጭረት ከቤተሰብነት ተሰናብቷል። በር ላይ የምትሠራው ኣርሴማ ደግ ልጅ ስለሆነች፣ እኚህን የሚያህሉ ሽማግሌ ከምትመልስ ብላ አማቴን ልጅ በሚለው ሳጥን ውስጥ አስገብታቸዋለች። በመሆኑም አቶ ገብረዝጊ በሰባ አራት ዓመታቸው፣ ሠላሳ ዓመት ድንጋይ ጠርበው የከተማውን ግማሽ የገነቡ ግንበኛ ሆነው ሳለ፣ ከወላጆቻቸው እጅ እንዳይለዩ የሚያሳስብ ቢጫ የእጅ ማሰሪያ ታስሮላቸው ቀይ ፊኛ ተሰጥቷቸዋል። ፊኛውን እስከ ዕረፍት ሰዓት ድረስ በክብር ይዘውታል። ለዚህም እናመሰግናለን።

፫ኛ. ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አማቴ ዐይናቸው ከደከመ አምስት ዓመት ሆኗል፤ ዛሬ ብርሃንና ጥላ ቢለዩ ነው። ታዲያ ስታዲየም ምን ያደርጋሉ ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ክቡር ሆይ፣ እሳቸው ኳስ የሚያዩት በሕዝቡ ድምፅ ነው። ቡድናችን መሀል ሜዳ ሲያልፍ ከበሮው ይፈጥናል፤ የማዕዘን ምት ሲሆን ከሆድ የሚወጣ ጉምጉምታ ይነሣል፤ ኳስ ለጥቂት ስትስት አራት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ይይዝና ረጅም እህህታ ይሰማል፤ ዳኛው ሲያጠፋ ደግሞ በሰሌዳዎ የተከለከሉት ስሞች በቅደም ተከተል ይጠራሉ። እሳቸው ይህን ሁሉ ለይተው፣ ማን እንደሳተ ሳይቀር አንዳንዴ ከእኔ ቀድመው ያውቁት ነበር። የእኔ ድርሻ አንዲት ቃል ብቻ ናት። ጩኸቱ ሲፈነዳ ወደ እኔ ዞር ብለው ጎል ድዩ ይሉኛል፤ ጎል ነው ወይ ማለታቸው ነው። እኔም እወ እላለሁ፤ አዎ ማለቴ ነው።

ይህ ለእኛ እንዲሁ የኳስ ነገር አይደለም። ልጃቸውን ለትዳር ልጠይቅ በመጣሁ ጊዜ እኔ ትግርኛ አልችልም፣ እሳቸውም አማርኛ ብዙ አይሆንላቸውም ነበር፤ ሳሎን ተፋጥጠን ከተቀመጥን በኋላ ግራ ሲገባቸው እጄን ይዘው ስታዲየም ወሰዱኝ። እዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው ቤተሰብ የሆንነው። ስታዲየሙ ተዘግቶ በቆየባቸው በእነዚያ ክፉ ዓመታት ምን እንደናፈቃቸው ብጠይቃቸው፣ ጨዋታው ሳይሆን ያ ጩኸት መሆኑን ነግረውኛል።

፬ኛ. ስለ ጥንቸሏ። ክፍልዎ ሕፃናቱ እንዳይሰለቹ በማሰብ አንድ ሠራተኛ የትልቅ ጥንቸል ልብስ አልብሶ በመቀመጫችን ፊት ለፊት እያዘለለ ከረሜላ ያስበትናል። በሦስተኛው የሜዳችን ጨዋታ፣ በሰባኛው ደቂቃ ላይ፣ እንግዶቹ የማዕዘን ምት ለመምታት ሲዘጋጁ ጥንቸሏ ውኃ የጠጣው ሣር አንሸራትቷት በጀርባዋ ወደቀች፤ ጭንቅላቷም ተነቅሎ ሲንከባለል ከውስጡ ላብ ያጠመቀው ባለጢም ጎልማሳ ብቅ አለ። ሦስት መቶ ሕፃናትና እናቶቻቸው ክልከላውን ረስተው ብድግ በማለት፣ ሙነወር ከተሸኘ ወዲህ በዚያ ስፍራ ተሰምቶ የማያውቅ የደስታ ጩኸት ጮኹ።

አማቴ ከወንበራቸው ተነሡ። ምርኩዛቸው ወደቀ፤ አንገቴን አንቀው ያዙኝ፤ ጎል ድዩ አሉኝ። ፊታቸውን አየሁት። ሙሉውን የውድድር ዘመን እንደዚያ ሲያበራ አላየሁትም ነበርና፣ ክቡር ሆይ፣ እወ አልኳቸው።

ከስምንት ደቂቃ በኋላ እንግዶቹ እውነተኛ ጎል አገቡ። የእርስዎ ሰሌዳ ባዘዘው መሠረት መላው የቤተሰብ መቀመጫ አጨበጨበ፤ ጭብጨባውን የመራው ቢጫ ሰደርያ ለብሶ ሥርዓት የሚያስከብረው ኣንዶም ሲሆን፣ ሥራውን በሚገባ ስለተወጣ ምስጋና እንዲጻፍለት በዚሁ እጠይቃለሁ። አማቴ ደግመው ጠየቁኝ። የመጀመሪያውን ጎል ካጸደቅኩ በኋላ ሁለተኛውን የምሽርበት ምክንያት አጣሁና እንደገና እወ አልኩ። ፍሬወይኒ በአባቷ ትከሻ አሻግራ ያየችኝን አስተያየት ለመግለጽ የዚህ ደብዳቤ ጨዋነት አይፈቅድም። ያገባው ማን እንደሆነ ሊናገር የሚገባው የድምፅ ማጉያም በዚያች ሰዓት የጠፋች ሕፃን እናት እየፈለገ ነበር። የቤተሰብ መውጫው በር ለብቻው ሆኖ ዘፈን ስለሚለቀቅበት ደግሞ አማቴ የተሸነፈ ሰው ሲያጉረመርም ሊሰሙ አልቻሉም። አንድ ለባዶ የተሸነፍነው ሰዎች፣ ከመካከላችን አንዱ ሁለት ለባዶ አሸንፎ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን ቤታችን ገባን።

በማግስቱ እሑድ አማቴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ወደሚገኘው ካፌ ሄደው፣ ከድሮ የሙያ ጓደኞቻቸው ጋር ተቀምጠው ሁለቱንም ጎሎች በዝርዝር ተረኩ፤ የመጀመሪያው በጭንቅላት ነው፣ ከጩኸቱ ያስታውቃል አሉ። ከጠረጴዛው ማዶ የነበረው አቶ ልዑልሰገድ ጨዋታውን ከሰሜን ጥግ ያየ ሰው በመሆኑ የተሸነፍነው እኛ መሆናችንን ተናግሮ መጀመሪያ እሱ ሳቀ፤ ቀጥሎ ሁሉም ሳቁ፤ በመጨረሻ የአማቴን ፊት ሲያዩ ሁሉም ወደ ስኒያቸው አቀረቀሩ።

አማቴ እኔን አልወቀሱኝም። ክቡር ሆይ፣ ይህን በደንብ እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ፤ እኔ ዋሽቻቸዋለሁ ብለው ለአፍታ እንኳ አላሰቡም። የእኔንም እወ በስሕተት የሰሙት እሳቸው እንደሆኑ ነው ያመኑት። እዝነይ'ውን ደኺሙ አሉ፤ ጆሮዬም ደከመ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጨዋታ አልፏል፣ አንዱንም አልሄዱም። ሬዲዮኑን ጎረቤት እስኪማረር ድረስ ከፍ አድርገው ይከፍቱታል። ስማቸው ሲጠራ በትክክል እየሰሙ፣ አልሰማሁ ይሆናል በሚል ፍርሃት መልስ አይሰጡም። ፍሬወይኒ ሐኪም ዘንድ ወስዳቸው ሐኪሙ ጆሯቸው የወጣት ጆሮ መሆኑን ቢነግራቸውም፣ ሊያጽናናኝ ነው ብለው ተመለሱ። እኔን ደግሞ፣ አንተ የቆጠርከውን ጎል አንተው ሰርዘው ብላኛለች። እኔም አንድ ወር ሙሉ አልሰረዝኩም። አፍሬ ነው። ዐይን እንድሆናቸው አደራ የተባልኩት እኔ ነበርኩ፣ ጆሯቸውንም የወሰድኩባቸው እኔው ነኝ፤ እውነቱን ብነግራቸው ደግሞ ከዚህ በኋላ የማንን እወ ያምናሉ ብዬ ፈራሁ።

ስለዚህ ሰው ጨንቆት መንግሥታዊ ማኅተም እንደሚፈልገው ሁሉ እኔም ወደ ክፍልዎ መጣሁ። አማቴ ሐኪምን ቢጠራጠሩም ክብ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ተጠራጥረው አያውቁም። ቀጥሎ ያለው ቃል ተጽፎ እንዲሰጣቸው እጠይቃለሁ፦ አቶ ገብረዝጊ በዕለቱ የሰሙት ጩኸት በእርግጥ ጩኸት፣ የሰሙትም ጭብጨባ በእርግጥ ጭብጨባ ነበር፤ ጩኸቱ ለጥንቸል፣ ጭብጨባው ለባላጋራ እንዲሆን ያደረገው ክፍላችን ነው። ይህ ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ እውነት በመሆኑ ከክፍልዎ ወረቀቶች ጋር ለመቀላቀል ሊቸግረው እንደሚችል እገነዘባለሁ።

የቤተሰብ መቀመጫው ይነሣ የሚል ጥያቄ ግን የለኝም፤ እንዲያ ያለ ነገር ቢወራ የመጀመሪያው ተቃዋሚ ነኝ። የምለው ሕፃናቱን ከከበሮው አታርቋቸው ነው። የሙነወር ከበሮ ከሰሜን ጥግ እንደ ጭላንጭል ሲደርሰን ሕፃናቱ እግራቸውን ከወንበር በታች በልኩ ሲመቱ አይቻለሁ፤ ዜማውን ግን የሚያስተምራቸው የለም። በዚሁ ከቀጠልን ከአሥር ዓመት በኋላ ለጥንቸል መጮህ ብቻ የሚያውቅ ደጋፊ ይኖረናል፤ ቡድናችንም ጥንቸል ማስፈረም ይገደዳል።

ለሰጡኝም፣ ለነሡኝም፣ ይህን ለማንበብ ለሚያባክኑትም ውድ ጊዜ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ መስታወቱ ምንጊዜም ድምፅ አያሳልፍብዎ ዘንድ እየተመኘሁ፣ ሁልጊዜም በተመደበልኝ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የማጨበጭብልዎ

ይበልጣል ፈንታሁን
ከዓዲ ሓቂ

ግልባጭ፦
ለሙነወር፣ ሰሜን ጥግ
ለአቶ ገብረዝጊ፣ በልጃቸው በፍሬወይኒ አንባቢነት

ማስታወሻ፦ በግልባጩ እንደተመለከተው፣ ይህ ደብዳቤ ወደ እርስዎ ከመላኩ በፊት ትናንት ከሰዓት በኋላ ፍሬወይኒ ወደ ትግርኛ እየመለሰች ለአባቷ አንብባላቸዋለች። እስከ መጨረሻው አዳመጡ፤ እወ ያልኩባቸውን ሁለት ቦታዎች አስደገሟት፤ ከዚያ ጆሯቸውን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው ረጅም ሳቅ ሳቁ። ስለዚህ ማኅተምዎን ስለ እኛ አያድክሙት፣ ደብዳቤው አያስፈልግም። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን ፍርድ ሰጥተዋል፤ በሚቀጥለው ጨዋታ ሙነወርና ጓደኞቹ ደግፈው ወደ ሰሜን ጥግ ያወጧቸዋል፣ ፍሬወይኒም አብራቸው ትሄዳለች፣ እኔን ግን አጠገባቸው ማየት አይፈልጉም። በዚህም መሠረት በክፍልዎ ቅጽ ላይ ሚስት የሚለውም፣ ልጅ የሚለውም ሳጥን ባዶ ሆኖብኛል። የቤተሰብ መቀመጫው ቤተሰብ ያሳጣው የመጀመሪያው ተመልካች እኔ ስለሆንኩ፣ ቅዳሜ በየትኛው በር እንደምገባ እንዲያስታውቁኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።