ከመቶ ሃያ በላይ ካርታ

ለምወድሽ እህቴ ኢኒድ፣

ከነልጆችሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። እዚህ ታይላንድ ዝናቡ ገብቷል።

ረቡዕ ዕለት እኛ ጡረተኞች ጓደኛችን ሙርየል ቤት ብሪጅ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ስንጫወት ፖሊሶች ገብተው ያዙን። በገንዘብ ተጫውተን አናውቅም። ሆኖም በዚህ አገር ያለ ፈቃድ ከመቶ ሃያ በላይ ካርታ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ወንጀል ነው። ከመካከላችን ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ፊደላቸውን በራሴ ተምሬ ሕጉን አንብቤዋለሁ።

በዚያው ሳምንት ሰኞ ዕለት ምግብ ቤት ውስጥ ስለ ጨዋታችን ሳወራ የፖሊሱ ሃምሳ አለቃ ፕራሰርት፣ «አባባ፣ ያለ ገንዘብ ካርታ መጫወት ምን ወንጀል አለው?» ብሎ ሳቀብኝ። ሕጉን በአንቀጹ ጠቅሼ አረምኩት።

«እናንተስ ስንት ካርታ አላችሁ?» አለኝ።

መዋሸት እንደማልችል ታውቂያለሽ።

ካርታው ሁሉ የተገኘው ሙርየል ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። በፖሊስ መኪና ስንሄድ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «ዊልፍሬድ፣ በስንት ጊዜ አንዴ ጥሩ ካርታ ቢደርሰኝ መጡብኝ!» ብላ ሳቀች። ቀጥላም፣ «ማን ይሆን የነገረብን?» አለችኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ጣቢያ ስንደርስ ያመጣችውን ኬክ ቆርሳ ትልቁን ለእኔ ሰጠችኝ።

እኛን ለቀውናል። የእሷን የመኖሪያ ፈቃድ ግን ይዘውታል፤ ላይታደስ ይችላል ይላሉ። እንግሊዝ አገር የቀራት ዘመድ የለም።

ኢኒድ፣ የኋላው ክፍልሽ አሁንም ባዶ ነው? ፀሐይስ ያገኛል? እንዲያው ነው የጠየቅሁሽ። ሙርየል ብርድ አትችልም።

ለሁላችሁም ጤናና ሰላም እመኛለሁ። የክፍሉን ነገር ቶሎ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ዊልፍሬድ