እባክዎ መኪናዬን ይጣሉልኝ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ
በስብሰባ ላይ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምርመራውን በክብር ያለፈች መኪናዬ እንድትወድቅልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም እንዴት ሰንብታችኋል እያልኩ፣ እግርዎ ወደፈለጉበት ሁሉ እንዲሄድ፣ ይልቁንም በፈለጉበት ቦታ እንዲቆም ከልቤ እመኛለሁ። የመቆሙን ነገር ያነሣሁት አስቤበት ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል። ይህንን ደብዳቤ በጋዜጣ በኩል መላኬ ለክብርዎ ካለኝ ንቀት የመጣ እንዳይመስልዎ፤ በመዝገብ ቤትዎ በኩል የላክሁት የመጀመሪያው ማመልከቻ ከአንደኛ ፎቅ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ሲወጣ መንገድ ላይ ስለቀረ ብቻ ነው።

እኔ በሙያ ትምህርት ቤት ለሃያ ስምንት ዓመት አናጺነት ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ባለጉዳይዋ ደግሞ የመጨረሻ ልጄን በሦስት ዓመት የምትበልጥ፣ ጀርባዋ ረዘም ያለ፣ በናፍጣ የምትሄድ ስቴሽን ዋገን መኪናዬ ናት። ስገዛትም ርካሽ ነበረች፣ አሁንም ከዚያ ማዕረጓ ፈቀቅ አላለችም። በሮች፣ መስኮቶችና ቁም ሣጥኖች ተሸክማ ቤቴን አስተዳድራለች፤ ሦስቱም ልጆቼ ከኋላዋ በጣውላ መሐል ተኝተው አድገዋል። ሊብሬዋ ነጭ ናት ይላል፤ እኔም ነጭ እንደነበረች አስታውሳለሁ። ሰፈሩ "እትዬ ጢስ" ይላታል፤ ከላይ ያሉት ጎረቤቴም ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ማንም ሳይነግራቸው ልብሳቸውን ከገመድ ላይ ይሰበስባሉ።

በቅርቡ ዓይኔ መድከም ሲጀምር ባለቤቴ ወይ መኪናዋን ሽጥ ወይ እኔን ሳትጭን ንዳ ስላለችኝ፣ ደላላውም ቦሎ ያልታደሰላትን መኪና ማንም ዞር ብሎ አያያትም ስላለኝ፣ ዓመታዊ ምርመራዋን ላስደርግ ወደ ጣቢያዎ መጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልቤ በእጄ የለም። ይህን እንኳ የምጽፈው ሁለት መስመር ጽፌ እየተነሣሁ፣ መስኮቱ ድረስ ደርሼ እየተመለስኩ ሲሆን፣ ባለቤቴም ወለሉን ጨረስከው ብላ እኅቷ ቤት ሄዳለች። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ማድረጌ ለእርስዎ ፋይል አያያዝ እንዲመች ነው።

1ኛ. በመጀመሪያው ቀን መኪናዬን ስለጣሉልኝ አመሰግናለሁ። መርማሪዎ አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ ቆመው፣ ሱሪያቸው እንዳይጨማደድ ሳያጎነብሱ፣ የእሳት ማጥፊያ የላትም፣ ባለሦስት ማዕዘኑ ምልክት የላትም፣ ጎማዋ ተልጧል፣ የኋላ ወንበር ቀበቶዋ ተበጥሷል ብለው ጻፉ። ሁሉም እውነት ነበር። ስለ ፍሬኗ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ ሴት ልጅን በመጀመሪያ ቀን ስለ ጤናዋ መጠየቅ ነውር ሆኖባቸው ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

2ኛ. ከአጥር ግቢዎ በር ውጭ በረድፍ ስለተደረደሩት ሱቆችም ምስጋናዬ ወደር የለውም። መርማሪዎ የጎደለኝን ነገር ሁሉ ጽፈው በሰጡኝ በአምስተኛው ደቂቃ፣ የጎደለኝን ነገር ሁሉ ለአንድ ሰዓት የሚያከራዩ ሰዎች ዘንድ መድረሴ፣ በሌላ መሥሪያ ቤት አይቼው የማላውቀው ቅንጅት ነው። አንዲት እመቤት የእሳት ማጥፊያ ያከራያሉ፤ ያቺው ቀይ ጠርሙስ ከእኔ በፊት በስድስት መኪና ውስጥ ተቀምጣ ስድስቱንም አሳልፋ ስለነበር እኔ ጋ ስትደርስ ከእጅ ብዛት ሞቃ ነበር። ጎረቤታቸው ቀበቶ ያከራያል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው፣ ሁሉም "የጎማው ሰውዬ" የሚለው፣ አራቱን የተላጡ ጎማዎች አውልቆ አራት ደህና ጎማ ይገጥምና፣ መኪናው አልፎ ሲወጣ ደህናዎቹን አውልቆ የተላጡትን ይመልሳል። እኔም ከሰው ተለይቼ ምን አገኛለሁ ብዬ ሁሉንም ተከራየሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪዎቼን ውስጡ የበሰበሰ እንጨት በቀለም አይሸፈንም እያልኩ ስቆጣ የኖርኩ ሰው ያንን ማድረጌ ያሳፍረኛል፤ ይህን በጋዜጣ ማውጣት ያለብኝም እኔው ነኝ።

ታዲያ የጎማው ሰውዬ የግራውን የፊት ጎማ እንዳወለቀ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ወደ ውስጥ አየ፤ ከዚያም በጣቱ እየጠቆመ "ጋሼ፣ ይሄ የፍሬን ቱቦ በዝገት አልቋል፤ ቁልቁለት ላይ አደራዎትን" አለኝ። በጣቢያዎ ዙሪያ መኪናዬን የመረመረው ሰው እሱ ብቻ ስለሆነ፣ የሚሾም ሰው ቢጠፋ እንዲያስቡበት በትሕትና እጠቁማለሁ።

3ኛ. ስለ ሁለተኛው ምርመራ። የፍሬን መለኪያ ማሽንዎን በዓይኔ በብረቱ ለማየት በቅቻለሁ፤ በሸራ ተሸፍኖ፣ በሸራው ላይ የቆዩ ፋይሎች ተከምረውበት፣ በፋይሎቹ ላይ ደግሞ የጥበቃው ካፖርት ተሰቅሎበት በክብር አርፏል። መርማሪዎ ማሽኑን ላለማድከም እኔን መጠየቁን መረጡ፤ ፍሬኑ ይይዛል ወይ ሲሉኝ፣ ውሸት አልናገርም ብዬ "እንደ ቀኑ ነው" አልኳቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው "ፍሬን፦ በጣም ጥሩ" ብለው ጻፉ። ከሥሩ የእርስዎ ፊርማና ክብ ማኅተምዎ አለበት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ውጤት ያገኘ ተማሪ አስተምሬ አላውቅም።

እዚህ ላይ ቁጥሬን ላቋርጥና ስለ ገዢዬ ልንገርዎ። ገዢዬ የፋብሪካ ሾፌር የነበረ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ ከሥራ የወጣ፣ አንደበቱ የታረመ ጎልማሳ ነው። ከመፈራረማችን በፊት ኮፈኑን ከፍቼ የመኪናዬን ኃጢአት ሁሉ አንድ በአንድ ተናዘዝኩለት፤ ጢሷን፣ ከውጭ ብቻ የሚከፈተውን በሯን፣ ከሁሉም በላይ የፍሬን ቱቦዋን ነገርኩት። እሱም አዳምጦኝ ሲያበቃ የምስክር ወረቀትዎን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ "ጋሼ፣ እርስዎ ትሑት ሰው ስለሆኑ ነው እንጂ ይኸው ማኅተም ያለበት በጣም ጥሩ ይላል እኮ" አለኝ። ተናግሬያለሁ፣ ሕሊናዬ ንጹሕ ነው ብዬ ቀብዱን ተቀበልኩና፣ ቁልፉን በኋላ ላስረክብ ፈረምኩ። መኪናዋን ዕቃ ሊያመላልስባት መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሚስቱ ሜትር ይዛ መጣች። ከኋላ በኩል ገብታ ለወንበር የሚሆን ስፖንጅ ስትለካ፣ ለምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ ፊቷ በደስታ እየበራ፣ ከላይ ሰፈር ቁልቁል ወርዶ ድልድዩ ጋ ወዳለው ትምህርት ቤት በየጠዋቱ ዘጠኝ ልጆች ሊያመላልሱ መዋዋላቸውን ነገረችኝ። ቀልቤ ተገፈፈ። እሷ እንደሄደች ያንን ቁልቁለት ብቻዬን፣ ባዶ መኪና ይዤ ልሞክረው ወጣሁ። መሐል ላይ ፔዳሉን ስረግጠው ምንም ሳይገፋኝ ወለሉ ድረስ ገባ። ማርሽ ቀንሼ፣ መሪውን በጉልበቴ ደግፌ፣ የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ ጎትቼ፣ ከቀለም መሸጫው ፊት ለፊት ያለ የአሸዋ ክምር ውስጥ አፍንጫዋን ቀብሬ አቆምኳት። ሰው አልተነካም። ፈርቻለሁ ክቡር ሆይ፤ በቀልድ መሐል እንዳይጠፋብዎ ብዬ ነው ፊት ለፊት የምነግርዎ፣ በጣም ፈርቻለሁ።

ታዲያ ለምን አታስጠግናትም የሚሉኝ ከሆነ፣ መካኒኩ ከሥሯ ገብቶ ሲወጣ በእጁ የያዘው የቱቦ ቁራጭ ሳይሆን ቱቦው የታሰረበት የሻንሲ ቁራጭ ነበር፤ በጣቱ ፈርፍሮ አሳየኝና እጄን አላስገባባትም አለ። ገዢውንም ቀብድህን ልመልስልህ ብዬ ለመንኩት። የአሸዋውን ታሪክ ስነግረው በሐዘኔታ አየኝና፣ የተሻለ ዋጋ የሰጠዎ ሰው ካለ በግልጽ ይንገሩኝ፣ መኪናዋን ሆን ብለው አሸዋ ውስጥ መክተት ግን ለዕድሜዎ አይመጥንም አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ሥራ ያጣ አባት ነው፤ ከአንድ ሽማግሌ ወሬና ከእርስዎ ማኅተም ማንን እንዲያምን ይፈረድበታል? የራሴ ልጅ እንኳ "አባዬ፣ ነግረኸዋል አይደል? በቃ ተወው" ትለኛለች። መተው ግን አልቻልኩም፤ የልጆች ጫጫታ በሰማሁ ቁጥር እግሬ ወደ ቁልቁለቱ ይወስደኛል።

4ኛ. ስለዚህ ወደ እርስዎ መጣሁና በሦስት መስኮቶች ተስተናገድኩ። በመጀመሪያው መስኮት ላይ ያለው ወጣት ማለፍ ነው ወይስ መውደቅ የፈለጉት ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሦስት ጊዜም መውደቅ አልኩት። በሁለተኛው መስኮት፣ ወድቄያለሁ ብሎ ቅሬታ ለሚያቀርብ ቅጽ እንዳለ፣ አልፌያለሁ ብሎ ለሚያለቅስ ግን ቅጽ እንዳልተዘጋጀ ተነገረኝ። በሦስተኛው መስኮት ያሉት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በእናትነት ዓይን አይተውኝ፣ ይዞኝ የሚሄድ ልጅ እንዳለኝ ጠየቁኝና፣ "ወረቀቱ ለዓመት ነው የሚያገለግለው፤ ዓመቱ ሲሞላ ይምጡ፣ ያኔ ምናልባት ትወድቅልዎታለች" ብለው አጽናኑኝ። እርስዎን በአካል ላገኝዎ ብሞክርም ስለ መንገድ ደኅንነት ስብሰባ ላይ ነበሩ። ስብሰባው ፍሬያማ እንደነበር ተስፋ አደርጋለሁ።

5ኛ. አምስተኛውን ልጄ አንብባ ያስከስስሃል ስላለችኝ ሰርዤዋለሁ።

እንግዲህ የምጠይቅዎ አንዲት ትንሽ ነገር ናት። በውላችን መሠረት ቁልፉን የማስረክበው ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት አንድ ሰው ይላኩና መኪናዬን ይጣሉልኝ። በፍሬኗ መጣሉ ለመሥሪያ ቤቱ ክብር የማይመች ከሆነ በቀለሟ ይጣሏት፣ በጢሷ ይጣሏት፣ በእኔ ጠባይ ይጣሏት፤ አልከራከርም። እኔ በበኩሌ ቁልፉን ላለመስጠት ወስኛለሁ። ገዢው እንደሚከሰኝ ነግሮኛል፤ ዳኛው ፊት ስንቀርብ ግን እሱ የእርስዎን ወረቀት ይዞ፣ እኔ ደግሞ ፍርሃቴን ይዤ ስለምንቆም፣ ማን እንደሚረታ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ጊዜዎን ተሻምቼ ከሆነ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ የማሽንዎም ሸራ አቧራ እንዳይነካው እየተመኘሁ፣ በጣቢያዎ ታሪክ መኪናዬ አለፈች ብሎ ያዘነ የመጀመሪያው ባለጉዳይ በመሆኔ ከፍ ያለ ክብር የሚሰማኝ፣

ጡረተኛው የአናጺነት መምህር፣
የእትዬ ጢስ ባለቤት፣ ቢያንስ እስከ ሰኞ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን አሽጌ ልወጣ ስል የገዢዬ ሚስት የስፖንጁን ልክ ልታረጋግጥ ተመልሳ መጥታ፣ ልጆቹን የሚያነሡባቸውን ቤቶች ዝርዝር አሳየችኝ። አራተኛው ቤት ከጣቢያው ጀርባ ያለው ሰማያዊ በር ነው። ሁለቱ መንታዎችዎ ከሰኞ ጀምሮ ከእኛዋ መኪና ጋር ናቸው ማለት ነው፤ እንኳን ደስ አለዎት። እርስዎ ስለ መኪናዋ የጠየቋት ነገር ቢኖር የጣቢያዎ ወረቀት እንዳላት ብቻ እንደነበር፣ ወረቀቱን ባሳየችዎ ጊዜም ምንም ሳይጨነቁ እንደተስማሙ በኩራት አጫወተችኝ። መንታዎቹ መንገዱን ወደ ኋላ እያዩ መሄድ ስለሚወዱ መጨረሻው ወንበር ተይዞላቸዋል። የዚያ ወንበር ቀበቶ ግን ለምርመራው ቀን የተከራየሁት ስለነበር በዚያው ዕለት መልሼዋለሁ።